ጠይም ልጅ ላይ ኩፍኝ ምን ይመስላል?

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አንድ ሥዕል በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን አዳረሰ። የሣለው ቺዲበሬ ኢቤ የተባለ ናይጄሪያዊ ነው፤ ሥዕልን ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ሕክምናን ሙያዬ ብሎ የመረጠ ወጣት። ሥዕሉ የነፍሰ ጡር ሆድ ያሳያል፤ ጽንሱ በማኅፀን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናትም ልጅም ጥቁሮች ናቸው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ የሕክምና ሥዕል በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ልብ ያለው ያኔ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ጉዳዩ የሰው ሕይወት አለበት። ተማሪው መጽሐፉ ላይ «ቀይ ሽፍታ» የሚል ያነብባል። ጠይም ልጅ ላይ ግን የኩፍኝ ሽፍታ ሁልጊዜ አይቀላም፤ ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይወጣል፣ አንዳንዴም ከዓይን ይልቅ ጣት ቀድሞ ያገኘዋል። የወፍ በሽታን ለመለየት የዓይንን ነጭ ማየት ይሻላል። ኦክስጅን ያነሰውን ጥቁር ሰው ከንፈሩንና ድዱን ገልጦ ያላየ ሐኪም ሊስተው ይችላል። ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ የለንደን የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመምህራኑ ጋር ሆኖ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያሳይ መመሪያ ያወጣው ለዚህ ነው።

ፎቶ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ፎቶ ያስፈልጋል፤ ግን ደሙንም ጥላውንም አንድ ላይ ያነሳል። ሠዓሊ ይመርጣል፤ ቆዳውን ገልጦ የደም ሥሩን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ የታማሚውን ማንነትም ይሸፍናል። ለዚህ ግን የሚሥለውን ማወቅ አለበት። ከጀርመን ወደ አሜሪካ፣ ባልቲሞር የሄደው ሠዓሊ ማክስ ብሮደል እ.ኤ.አ. በ1911 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሥዕል ትምህርት ክፍል ሲከፍት ተማሪዎቹን ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ይግባህ፣ ከዚያ እርሳስ አንሣ።

እኛ ዘንድ ሁለቱም ባለሙያዎች አሉ። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ጥቁር አንበሳም በአንድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ቋንቋችንም ቢሆን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጠይም እያለ ቆዳን አጥርቶ ይለያል። ይህ ዓይን ወደ ሆስፒታል መግባት አለበት።

አንድ ሠዓሊ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ከሐኪም ጎን ይቁም። በወላጅ ፈቃድ ኩፍኝን በጠይም፣ በቀይ ዳማና በጥቁር ልጅ ላይ ጎን ለጎን ይሣል። ሐኪሙ «እዚህ ጋ ከፍ ከፍ ያለ ነው፣ ዳስሰው» እያለ ያርመው። ሠዓሊው ደግሞ ሐኪሙ በደፈናው «ጠቆር ያለ» ብሎ ያለፈው ውስጥ ስንት ቀለም እንዳለ ያሳየው። ሥዕሉ ታትሞ እስከ ጤና ኬላ ይውረድ፤ እናት ልጇን አዝላ ስትገባ ግድግዳው ላይ የተሣለው ልጅ ጀርባዋ ላይ ያለውን ይምሰል።