እንዲህ ነው ወፍ መውደድ!

ወፍ እወዳለሁ የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ ለአፍታ ዝም በሉ። ወፍ መውደድን ማየት የፈለገ ጃቫ ይሂድ። በዚህች የኢንዶኔዥያ ደሴት የቆየ አባባል አለ፤ ወንድ ልጅ ሙሉ ሰው የሚባለው አምስት ነገር ሲኖረው ነው። ቤት፣ ሚስት፣ ፈረስ፣ ጩቤና ወፍ። ፈረሱ ዛሬ ሞተር ሳይክል ሆኗል። ጩቤው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወፏ ግን ንቅንቅ አላለችም። ብትፈልግስ የት ትሄዳለች? ፍርግርግ ውስጥ ናት።

ተመራማሪዎች ጃቫ ላይ በየቤቱ የታሰሩትን ወፎች ከ66 እስከ 84 ሚሊዮን ይገምቷቸዋል። ከ3 ቤተሰብ አንዱ ወፍ አለው። ይህን ሁሉ ፍቅር የትኛው ጫካ ይችለዋል? አልቻለም፤ ጸጥ አለ። ጸጥታ ደግሞ ምን ይጠላል? ማለዳ ጫካ ገብቶ በወፍ ጫጫታ የሚረበሽ የለም። መስማት ያማረው ወደ በረንዳዎቹ ብቅ ይበል።

ውድድሩንማ ማየት ነው! ባለቤቱ ፍርግርጉን በጨርቅ ሸፍኖ ወፏን እንደ ሙሽራ ያመጣታል። ተራዋ ሲደርስ ጨርቁ ይገለጣል፤ ከሌሎቹ ጋር በሰልፍ ትሰቀላለች። ዳኞቹ ወረቀት ይዘው፣ ጆሯቸውን ቀስረው ከሥር ይመላለሳሉ። ባለቤቶቹ ደግሞ ዳር ቆመው ይጮኻሉ፤ ዳኛው የኔዋን ይስማልኝ ብለው። (በዚያ ጩኸት መሃል ወፍ እንዴት እንደሚሰማ እንጃ።) በትልልቆቹ ውድድሮች አሸናፊዋ መኪና ታሸልማለች። የሚነዳው ግን ሌላ ነው።

ይህ ፍቅር ባሕር ተሻግሮ ጎረቤት ደሴት ባሊም ደርሷል። የባሊ ማይና የምትባል ወፍ አለች፤ ከባሊ በቀር የትም አገሯ ያልሆነች። መላ ሰውነቷ ነጭ፣ የክንፏና የጅራቷ ጫፍ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ። ስትዘፍን ጉትዬዋን አቁማ አንገቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ይህን እያየ እጁን የሚሰበስብ ምን አንጀት አለው? ወዳጆቿም አልሰበሰቡም። በ1912 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሳይንሳዊ ስም የወጣላት ወፍ፣ በ2001 ጫካ ውስጥ የቀረችው 6 ያህል ሆና ነው። ክብሯ ግን አልተነካም። የባሊ ግዛት አርማ ናት። በ2003 ደግሞ የ200 ሩፒያ ሳንቲም ላይ ወጣች። ያኔ ጫካ ከመግባት ኪስ መፈተሽ ሳይሻል አልቀረም።

እርግጥ ወፏን አራብተን ወደ ጫካ እንመልሳለን ያሉም ነበሩ። ምዕራብ ባሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማራቢያ ተሠራ። በ1999 ታጣቂዎች ገብተው 39 ወፍ ይዘው ወጡ። ለወፍ ሲል ጠመንጃ የሚያነሣ! እናንተ ለምትወዱት ነገር ምን አንሥታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የ2018ቱ ነው። መንግሥት ብዙ ወፎችን ጥበቃ በሚደረግላቸው ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ወፍ ወዳጆች ተቆጡ። ወፍ ስለተጠበቀ ነው የተቆጡት! በጥቂት ወራት ውስጥ ገበያ ያላቸው ዘፋኞች ከዝርዝሩ ተፋቁ። አንዷ የጃቫዋ ጥቁርና ነጭ ማይና ናት። በየቤቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አለች፤ ሜዳ ላይ ግን ጠፍታለች ነው የሚባለው። ሚሊዮን ቤት ያላት ወፍ ጥበቃ ምን ያደርግላታል?

ደስታ የሚያደፈርስ መቼም አይጠፋም። ከባሊ አጠገብ ባለች ኑሳ ፔኒዳ በምትባል ትንሽ ደሴት ከ2006 ጀምሮ የባሊ ማይና ሲለቀቅ፣ መንደሮቹ አዊግ-አዊግ በሚሉት የባህል ሕጋቸው ወፍ ማጥመድን ከለከሉ። ከፖሊስ ዓይን ማምለጥ አንድ ነገር ነው። ማታ ማታ አብሮህ ከሚቀመጥ ጎረቤትስ በየት ታመልጣለህ? በፓርኩ አካባቢ ያሉ መንደርተኞች ደግሞ ይባስ ብለው ፈቃድ አወጡና ማይናን እቤታቸው ማራባት ጀመሩ። የጫጩቷ እግር ገና ለጋ ሳለ መክፈቻ የሌለው ድፍን ቀለበት ያጠልቁበታል። ካደገች በኋላ ያ ቀለበት በእግሯ ጣቶች አልፎ አይገባም። እንግዲህ ከጫካ የመጣችውን ይዞ «እቤቴ የተፈለፈለች ናት» ማለት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት። የምትራባዋ ስትበዛ ጊዜ ዋጋዋም ወረደ። በስንት ልፋት የተገነባ ገበያ!

አሁን በአንዳንዱ ግቢ ዛፍ ላይ የጣውላ ጎጆ ይሰቅሉላታል። በር የለው፣ ቁልፍ የለው። ማይናዋ ስትፈልግ ትመጣለች፤ ጣራው ላይ ቆማ ጉትዬዋን ታቆምና ትለቀዋለች። ዳኛ የለ፣ ነጥብ የለ። ያ ሁሉ መኪና የሚያሸልም ድምፅ ጓሮ ለጓሮ እንዲሁ ይፈሳል።