በእኛ ዘር የለም

እንደ እኛ ቤተሰብ ለተቸገረ ፈጥኖ የሚደርስ ያለ አይመስለኝም። የእኅቴ ልጅ ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም ነበር። ስምንት ወር ሞልቶት አንገቱ አልጸና ሲል ሐኪሙ መርምሮ ‹‹ሴሬብራል ፓልሲ ነው›› አላት። በምጥ ሰዓት አንጎሉ አየር አጥሮት እንደ ተጎዳ፣ ከዘር የወረደ ነገር እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ሰውነቱን ከአሁኑ ካላፍታቱለት ግን ጡንቻው እየተሳሰረ እንደሚያስቸግረው አስረዳት። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። እኛ ዘመዶቿ ግን ጉዳዩን በሦስት ቃል ቋጨነው፤ ‹‹በእኛ ዘር የለም!››

ይህን ያሉት የባሏ ወገኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛም ወገን ብሏል። የባሏ አጎት ከስድስት ልጆቻቸው የአራቱን ዕድሜ በትክክል የማያውቁ ሰው ናቸው፤ የዚያን ዕለት ግን ቡናው ሳይፈላ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ከመንዝ ተነሥተው፣ በቡልጋ አቋርጠው፣ አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ አንድ አንካሳ፣ አንድ ተብታባ አላገኙም። የሚያጠራጥሩ አንድ ቅድመ አያት ነበሩ፤ ሲጣራ እግራቸውን በ1928 ማይጨው ላይ የተመቱ ሆነው ስለ ተገኙ ጉዳያቸው በክብር ተዘጋ። እናቴም በበኩሏ የእኛን ወገን አጥርታ አስረከበች። በዚህ መሠረት የእኅቴ ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ዘር ያልመጣ፣ ከተወለደ ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕፃን ሆነ።

ጥፋተኛ ሳይገኝለት ያደረ ችግር ግን በቤታችን ታይቶ አያውቅም። ዘሩ ነጻ ከወጣ የቀረችው ተጠርጣሪ አንዲት ናት። እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ተሻግራ ይሆን? የማን ዐይን ነው ያረፈባት? ያኔ ‹‹ከሥራ ቅሪ›› ስንላት ለምን አልሰማችም? እኅቴ ወንዝ የተሻገረችው በታክሲ፣ በቀበና ድልድይ ላይ መሆኑን ብትናገርም ወንዝ ወንዝ ነው ተባለ። አባትየው አልተጠየቀም። ኧረ እንዲያውም ‹‹ምን ሆነህ ከሳህ›› ተብሎ ሁለት ጊዜ ምሳ ተጋብዟል።

ከምርመራው በኋላ እርዳታው ጎረፈ። ምክር ማለቴ ነው። ጸበሉን አልነካም፤ እኅቴም ትጠመቃለች፣ ልጇንም ታስጠምቃለች። የምደነቀው በእኛ ነው። አምስት ዘመድ አምስት ጸበል ነገራት፤ ዳገቱን ልጁን አዝሎ የሚወጣላት ግን ከአምስቱ አንድም አልተገኘም። ጎረቤታችን ‹‹ወንድ ልጅ ሲባል ይዘገያል፤ የእኔም ባል በአምስት ዓመቱ ነው የሄደው›› አሏት። እሳቸውስ ለማጽናናት ነው። አማቷ ደግሞ ‹‹ልጁ የደከመው በምግብ እጦት ነው›› ብለው ሊያግቱት ተነሡ። የሰውነት ማጠንከሪያ ባለሙያዋ አንገቱን ደግፈሽ፣ ቀና አድርገሽ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ፤ ተንጋሎ ከበላ ምግቡ ወደ ሳንባው ይሄዳል ብላት ነበር። አማትየው ግን ዘጠኝ ልጅ አግተው ያሳደጉ ናቸው፤ ዘጠኙም ቀጥ ብለው ሄደዋል፤ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ለእሳቸው ልትነግራቸው ነው? ልጁ ትን ብሎት ሲጠቁር፣ ‹‹ቡዳው እኮ ነው፣ እህሉን ሲያይ ይናደዳል›› አሉ።

የቤተሰባችን ጥበብ ከሁሉ የሚልቀው ግን በጓዳ አያያዙ ነው። ባለፈው ዓመት ታናሽ እኅታችንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እንግዲህ የጋብቻ ነገር ነው፤ አንድ ሰው አይቶ ‹‹ዘራቸው ውስጥ…›› ቢል ነገሩ ተበላሸ። ስለዚህ ልጁን ጓዳ አስገባነው፤ ለእኛ ብለን ሳይሆን ለእሱ ብለን ነው፤ ብዙ ሰው ያስደነግጠዋል። (ብዙ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ይደነግጥ አይደነግጥ ማረጋገጥ አልተቻለም።) ሽማግሌዎቹ ቆመው ‹‹ልጃችሁን ለልጃችን›› ሲሉ፣ የጓዳው ልጅ የሰው ድምፅ ሲሰማ ደስ ይለዋልና በሙሉ ጉሮሮው ሳቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ‹‹ድመት ናት›› አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። የቤተሰቡ ክብር በዚያች ቃል ስለ ዳነ ዛሬም ድረስ ብልኅ አጎት ተብዬ እመሰገናለሁ። እኅቴ በሩን ከውስጥ ይዛ ነበር፤ ሰምታ ይሁን አልሰማች አልጠየቅኋትም።

ይህን የጓዳ ሥርዓት ሊያናጉ የተነሡ ሰዎችም አልታጡም። ዘሚ የኑስን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የራሳቸው የቁንጅና ሙያ ትምህርት ቤት የነበራቸው፣ አርፈው ጠጉር ማስዋብን ቢያስተምሩ ማንም የማይነካቸው ሴት ነበሩ። እሳቸው ግን ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ጓዳ እንደ ማስገባት፣ ‹‹ልጄ ነው›› ብለው አደባባይ ወጡ፤ አልበቃ ብሏቸው ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው የሌላውንም ሰው ልጅ ከየጓዳው ማውጣት ጀመሩ። እናቶችም ተከተሏቸው። በ2013 ዓ.ም. በሞት ተለዩን፤ ጓዳችን ግን እግዚአብሔር ይመስገንና አሁንም ሙሉ ነው።

መንግሥትስ ቢሆን መቼ ችላ አለ? የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚያመች መግቢያ ይኑረው ብሏል። እኅቴ ልጇን ለሰውነት ማጠንከሪያው በሳምንት ሁለት ቀን የምትወስድበት ቦታ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተገጠመ ጀምሮ በጥገና ላይ ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፣ አሥራ አራት ኪሎ ይመዝናል። እሷ አዝላ ስትወጣ ሰዎች ደረጃው ላይ ጠጋ ብለው ያሳልፏታል፤ አንዳንዱም ‹‹አይ የእናት ነገር!›› ብሎ ዕንባውን ይጠርጋል። ዕንባ የሚጠርግ እጅ ቦርሳ አይዝም መቼም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት በልጁ ጭን ላይ አሥር ብር አስቀምጠውላት ወረዱ። እኅቴ የሒሳብ ባለሙያ ነበረች፤ ‹‹ነበረች›› የምለው ሥራውን ስለ ለቀቀች ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን የሚረዳው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ነው ይላል። ከዚህ አንቀጽ ጋር ያለንን መቀራረብ ሳስብ በዘመዶቼ እኮራለሁ፤ አንዳቸውም ሳያነቡት በቃላቸው ይዘውታል። ታላቅ ወንድማችን አቅም ሲፈቅድለት ይመጣል፤ መኪናው አለ፣ ቤንዚኑ ግን ውድ ነው። የአክስቴ ልጅ ወገቧን ያማታል፤ ሕመሙ ለሠርግ ጭፈራ እረፍት ይሰጣታል። እኔም በየዓመቱ ኅዳር 24፣ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር፣ ‹‹አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም›› የሚለውን ጽሑፍ በስልኬ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እልካለሁ። ለእኅቴም ይደርሳታል።

ባለፈው ወር እኅቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመነችን። ጥርሷ ሦስት ሳምንት አላስተኛት ብሎ ኖሮ ሊነቀል ነው፤ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ልጁን የሚይዝላት ፈለገች። ሁለት ሰዓት። ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ። በአቦሉ የጥርስ ሕመም ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ በሰፊው ተወያየን፤ እናቴ ለጥርስ የሚሆን ቅጠል ጠቆመች። በቶናው እያንዳንዱ የቅዳሜውን ጉዳይ አቀረበ፤ ማኅበር፣ ዕድር፣ ለቅሶ፣ የመኪና እጥበት። እኔ ‹‹አያውቀኝም፣ ያለቅስብኛል›› አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ታቅፌው ስለማላውቅ አያውቀኝም። በበረካው በአንድ ድምፅ ተስማማን፤ እግዚአብሔር መስቀሉን የሚሰጠው ለሚሸከመው ነው፣ እሷ ደግሞ ጠንካራ ናት። ውሳኔውን በስልክ እንድነግራት እኔ ተመረጥኩ። ነገርኳት። ‹‹እሺ›› አለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሰማነው ከሌላ ሰው ነው። ልጇን አዝላ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳለች። በር ላይ ያለው የሕንፃው ጥበቃ፣ አንድ የጎጃም ሰው ነው አሉ፣ ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ‹‹አምጪው እስቲ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?›› ብሎ ጠየቃት። አንገቱን እንዴት እንደሚደግፍ አሳየችው። አርባ ደቂቃ ያህል በጋቢው አቅፎት፣ የሚያልፈውን መኪና እየቆጠረለት ቆየ፤ ልጁም ሲስቅ ነበር አሉ።

ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ እጅግ አዘነ። የባሏ አጎት ‹‹ዘመድ ሞልቶላት ለባዳ!›› ብለው እህል አልቀምስ አሉ። እናቴ ሰውየው የማን ዘር እንደ ሆነ እንዳልተጠየቀ ስትሰማ ደረቷን መታች። የሥጋ ዘመድ ነኝና እኔም ዝም አላልኩም፤ ያንኑ ዕለት ማታ ደውዬ ገሠጽኋት።