ጎመኑ ላይ ችካል የተከልን እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣችሁ ስለ ጎመን ነው። ስለ ጎመንማ ምን ያስቆጣል የምትሉ ካላችሁ፣ ቁጣዬ መጀመሪያ እናንተ ጋ ነው የሚደርሰው።

ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጀርባ አንዲት መሬት አለች። ርዝመቷ 12 እርምጃ፣ ወርዷ 5 አይሞላም። ስንገባ የግንባታ ፍርስራሽ መጣያ ነበረች። ድንጋዩን ለቅመው፣ የብሎኬቱን ስባሪ አውጥተው መሬት ያደረጓት ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እማማ ናቸው። ዕድሜያቸው 70 አልፏል። በየበሩ እያንኳኩ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ይሰበስባሉ። በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ደረጃውን ይወርዱና ያበሰብሱታል። እኛ ልጣጩን ስንሰጣቸው ውለታ የዋልን ይመስለናል።

በዚህ ክረምት የሀበሻ ጎመን ዘር መደብ ላይ የበተኑት በሐምሌ 19 ማግስት ነው። ዘሩ ከአምናው ጎመን ተለይቶ በጨርቅ ተቋጥሮ የቆየ ነው። ሳር አለበሱት። ሲበቅል ሳሩን ገለጡለት። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በተክለ ሃይማኖት ማግስት፣ ነሐሴ 25 አመሻሽ ላይ አዛወሩት። ፀሐይ እንዳያጠወልገው ብለው ነው አመሻሹን የጠበቁት። በችግኝና በችግኝ መካከል ሁለት ስንዝር ያህል ተዉ። ውኃ እንዳይተኛበት ዳር ዳሩን ቦይ አወጡ። አመድ ነሰነሱበት። 64 ችግኝ ነበር። ቁጥሩን የማውቀው በረንዳዬ ላይ ቆሜ ስለቆጠርኩ ነው። ወርጄ ግን አላገዝኩም።

ጊዜው ለምን እንደሚያንገበግብ ልንገራችሁ። የነሐሴ መጨረሻ ሲተከል ዝናቡ ሥሩን ያስይዝለታል። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። ሽምብራ የሚዘራ ገበሬም ዋልካ መሬቱን በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የሚዘራው አፈሩ የያዘውን እርጥበት ተማምኖ ነው። ያቺ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈች የቀረው ጄሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሦስተኛ ፎቅ በጄሪካን እያወረዱ ጎመን ማጠጣት ለእሳቸው አይሆንም። ከዚያ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ አለ። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሥር የያዘ ጎመን ውርጩን ይችላል፤ ለጋ ችግኝ ግን ይቃጠላል። በወቅቱ የተተከለ ለገና ጾም ይደርሳል። አምና ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ስንቶቻችን በራችን ላይ እስር ጎመን አግኝተናል? ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ አለ?

ጳጉሜ 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ለብሎኩ ዝግጅት ድንኳን ይተከል ተባለ። ሰፊ ቦታ ከፊት ለፊት ነበረን። ግን ኮብልስቶን ነው፣ ችካል አይገባበትም። መኪኖቹንም አንሱልን ማለት ከበደን። አንድ ሰው «ከጀርባ አፈር አለ» አለ። አፈር አለ! አፈሩ ላይ ያለውን ማንም አልጠራውም።

እማማ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሰዎቹ ድንኳኑን ጎትተው መደቡ ላይ ዘረጉት። አንዱ ችካሉን ያዘ፣ አንዱ መዶሻ ጠየቀ። መዶሻውን ከቤቴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ችካል የመታሁትም እኔ ነኝ። ከሥሩ ችግኝ እንዳለ አውቄ ነው የመታሁት። «እማማ ሲመጡስ?» የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ደስታ አደፈርሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሌሊቱን በጉ እዚያው ታረደ። ከሰሉ እዚያው ተደፋ። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያልን ጨፈርን። አባቶቻችን ይህን የሚሉት ክረምቱን በጎመን ተሻግረው ነው። እኛ ከእግራችን ሥር ያለውን ጎመን እየረገጥን አልነው።

ጠዋት እማማ ነጭ ለብሰው፣ ቄጠማ ይዘው ወረዱ። መደቡ ጭቃ ሆኗል። ጎንበስ ብለው ጠርሙስ መልቀም ጀመሩ። «እንኳን አደረሳችሁ ልጆቼ» አሉን። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። 9 ችግኝ ተርፏል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን። ደግ ሥራ ነው። ቆፍረን ተክለን ፎቶ ተነስተናል። ታዲያ ካሜራ የሌለበትን ችግኝ ስንረግጠው እጃችን ለምን አልከበደም? ስለ ኑሮ ውድነት የማናማርርበት ቀን የለም። በነጻ የሚያበላንን መሬት ግን በአንድ ሌሊት ጨረስነው። ወገኖቼ፣ ችግሩ የመሬት ጥበት ብቻ አይደለም። ሌላው የለፋበትን ባዶ መሬት ብሎ መጥራት ለምዶብናል። በየሰፈሩ የአጥር ጥግ ላይ ቆስጣ የሚያበቅል ሰው አለ። ቀና ብለን አናየውም።

እኔ እናንተን ስወቅስ መዶሻው አሁንም ቤቴ ውስጥ ነው። ባየሁት ቁጥር ያሳፍረኛል።

ትናንት ማታ በራቸውን አንኳኳሁ። ይቅርታ ስጠይቅ እንደ ነገሩ ሰምተው፣ ወደ በረንዳው ወሰዱኝ። በተሰበረ ሳፋ ውስጥ ለመተኪያ ብለው ያስቀሩት ችግኝ አለ። ሃያ ቢሆን ነው። ቀጥኗል። «ቶሎ ከገባ ይይዝ ይሆናል» አሉ። ለቀረው ቦታ ቶሎ የሚደርስ ሰላጣና ቆስጣ እንበትናለን ብለዋል።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ከጀርባ እንገናኝ። መሬቱ በእግራችን ደድሯል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መቆፈር አለበት። ብስባሽ ያስፈልጋል፤ የሳምንቱን ልጣጭ አትጣሉ። ስንት ሰው እንደሚመጣ አላውቅም። ብዙ እንደማይመጣ ይሰማኛል። ሰማዩ ግን ዛሬም ጠቁሯል። አካፋውን ከእማማ ተቀብዬ በሬ ሥር አስቀምጫለሁ።