ፈራሚው የመጣው የትኛውን ክፍተት ሊደፍን ነው?

አርሰናል ሴፕቴምበር 21 ቀን 2025 በኤምሬትስ ማንችስተር ሲቲን ሲያስተናግድ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ደጋፊው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአማካይ ስፍራ የተሰለፉት ዴክላን ራይስ፣ ማርቲን ዙቢሜንዲ እና ሚኬል ሜሪኖ ናቸው። በክረምቱ ከክሪስታል ፓላስ የመጣው ኤቤሬቺ ኤዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዱ ወገን «ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣነው ወንበር ላይ ልናስቀምጠው ነው?» አለ። ሌላው «አሰልጣኙ ከእኛ በላይ ያውቃል፣ እመኑት» ሲል መለሰ።

በ9ኛው ደቂቃ የሲቲው አጥቂ ሃላንድ በመልሶ ማጥቃት አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ የፔፕ ጓርዲዮላ ቡድን ሰው ባልጠበቀው መልኩ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሜዳውን ዘጋ፤ ጨዋታው ሲያልቅ የሲቲ የኳስ ቁጥጥር አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ኳሱ የአርሰናል ነበር ማለት ነው። ግን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራሸረ ከሲቲ አማካዮች ፊት አላልፍ አለ። ከእነሱ ጀርባ፣ በአማካዮቹና በተከላካዮቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ኳስ ተቀብሎ የሚዞር ሰው አልነበረም። ከእረፍት መልስ ኤዜ ገባ። በ93ኛው ደቂቃ በተከላካዮቹ አናት ላይ አንድ ኳስ አሻገረ፤ ተቀይሮ የገባው ማርቲኔሊ ሮጦ ደረሰባትና ግቡን ለቆ በወጣው የሲቲ ግብ ጠባቂ ዶናሩማ አናት ላይ አሳልፎ መረብ ላይ አሳረፋት። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ።

በዚያ ምሽት «ብለን ነበር» ያሉት ደጋፊዎች ልክ ነበሩ። ልክ የሆኑት ግን ኤዜ ውድ ተጫዋች ስለሆነ አይደለም። በዚያ ጨዋታ፣ በዚያ ቦታ፣ እሱ ብቻ የሚሠራው ሥራ ስለነበረ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ልዩነት ዘለልነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በክረምት ስለ ስም እንከራከራለን፣ ሊጉ ሲጀመር ደግሞ ስለ አሰላለፍ፤ ሁለቱ የማይገናኙ ጉዳዮች ይመስል። ስለ ፈራሚ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን የታክቲክ ክርክር ነው። ተጫዋቹ የሚመጣው ለአንድ ክፍተት ነው። ክፍተቱን ካላወቅን ተጫዋቹን የምንመዝንበት ሚዛን የለንም።

ይህን የተማርኩት በኒኮላስ ፔፔ ነው። በ2019 ክረምት አርሰናል የክለቡን የዝውውር ክብረ ወሰን ሰብሮ በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ከሊል ሲያመጣው ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። በፈረንሳይ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን 22 ግብ ያገባ የመስመር አጥቂ! ማን አይደሰትም? በወቅቱ አሰልጣኝ የነበረው ኡናይ ኤምሪ ግን የፈለገው ዊልፍሬድ ዛሃን እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ አሰልጣኙ አንድ ክፍተት አይቶ ለዚያ የሚሆን ሰው ሲጠይቅ ክለቡ ሌላ ሰው አመጣለት። ፔፔ በሊል የሚያስፈራው ከፊቱ ሰፊ ሜዳ ሲያገኝ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኳስ የሚደርሰው ቆሞ ሳለ ነው፤ ሁለት ተከላካይ ከፊቱ ተደርድሮ፣ ወደ ግራ እግሩ እንደሚያጥፍ ሁሉም እያወቀ። በ2023 ውሉ ፈርሶ በነፃ ሄደ። ልጁ ችሎታ አጥቶ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ስንሰድበው አንድም ቀን «የት ቢጫወት ነው የሚጠቅመን?» ብለን በቅጡ አልተጠያየቅንም።

የካይ ሃቨርትዝ ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2023 ከቼልሲ በ65 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ አሰልጣኙ ሚኬል አርቴታ ያሰለፈው ወደ ባየር ሌቨርኩሰን በሄደው ግራኒት ዣካ ቦታ፣ በግራ በኩል 8 ቁጥር፣ ማለትም ወደ ፊት የሚወጣ አማካይ አድርጎ ነው። ሳምንታት አለፉ፣ ግብ የለም። ሴፕቴምበር 30 ቀን በበርንማውዝ ሜዳ አርሰናል ሁለት ለዜሮ እየመራ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገኝ የሆነውን አልረሳውም። የቡድኑ መደበኛ መቺዎች ሳካ እና ኦዴጋርድ ነበሩ። ኳሷን ለሃቨርትዝ ሰጡት። ሲያስቆጥር ጓደኞቹ ሁሉ ሮጠው ከበቡት፤ ከሜዳው ጥግ የነበሩት ተጓዥ ደጋፊዎችም ስሙን እየጠሩ ዘመሩለት። አንድ ቡድን ለአንድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ማየት ደስ ይላል።

የተጫዋቹን ዕጣ የቀየረው ግን ያ ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም። የውድድር ዘመኑ ከተጋመሰ በኋላ አርቴታ ወደ ፊት ገፍቶ በአጥቂ ቦታ አሰለፈው። ቁመቱ፣ የግንባር ኳሱ፣ የተጋጣሚን ተከላካይ ያለመታከት መጫኑ፣ ኳስ ሳይኖረው የሚያደርገው ሩጫ፣ በአማካይ ስፍራ የባከነው ሁሉ እዚያ ዋጋ አገኘ። ዓመቱን በሊጉ 13 ግብ አስቆጥሮ ጨረሰ። በመከር ወራት «አይሆንም» ያሉት በቦታው ልክ ነበሩ፣ በሰውየው ተሳሳቱ። አርቴታም ቢሆን በሰውየው ልክ ሆኖ በቦታው ተሳስቶ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ስለ ቦታው ብቻ ቢነጋገሩ ኖሮ ወዲያው ይስማሙ ነበር።

ለትዕግሥት የቆየ ምሳሌ የሚፈልግ ካለ ዴኒስ ቤርካምፕን ያስታውስ። በ1995 ከኢንተር ሚላን መጥቶ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ግብ አጥቶ ነበር፤ ያገኘው ሳውዝሃምፕተን ላይ ነው። ቴሪ ሄንሪም በ1999 ከጁቬንቱስ መጥቶ ለሳምንታት ባዶ እጁን ሲወጣ ቆይቶ የመጀመሪያ ግቡን ያገባው ሳውዝሃምፕተን ላይ ነው። ሄንሪ በጣሊያን የመስመር ተጫዋች ነበር፤ የያኔው የአርሰናል አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር ወደ መሀል አምጥቶ አጥቂ ሲያደርገው 228 ግብ አስቆጥሮ የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ያኔም ቢሆን ጥያቄው የቦታ ጥያቄ ነበር።

አሁን ወደ 2025 ክረምት ልመለስ፤ ምክንያቱም ያዘንኩበት ነገር የሆነው ያኔ ነው። ኖኒ ማዱኤኬ ከቼልሲ ሊመጣ መሆኑ ሲሰማ አንዳንድ ደጋፊዎች ዝውውሩን የሚቃወም ፊርማ አሰባሰቡ፤ ሺዎች ፈረሙ። ገና መለያውን ባልለበሰ የ23 ዓመት ወጣት ላይ! የክርክሩን ይዘት ተከታትዬዋለሁ። አብዛኛው «ከቼልሲ ስንቱን እንቀበላለን?» የሚል ነበር። የቀኝ መስመሩን ያነሳ ጥቂት ነው። መልሱ ግን እዚያው ነበር። ቡካዮ ሳካ በዲሴምበር 2024 በክሪስታል ፓላስ ሜዳ የታፋ ጡንቻው ተጎድቶ እስከ ኤፕሪል 1 ድረስ አልተመለሰም። ከሦስት ወር በላይ የቀኝ መስመሩን ሸክም በብዛት የተሸከመው ገና 17 ዓመቱ የነበረው ኢታን ንዋኔሪ ነው። ከሳካና ከወጣቱ ንዋኔሪ ሌላ በግራ እግሩ የሚጫወት፣ በቀኝ መስመር ፊት ለፊት ተከላካይ የሚገጥም ሰው ቡድኑ አልነበረውም። ማዱኤኬ የመጣው ለዚያ ነው። አዲሱ የውድድር ዘመን በተጀመረ በሁለተኛው ጨዋታ ሳካ ሊድስ ላይ ዳግም ተጎዳ፤ በቀጣዩ ሳምንት በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ በቀኝ መስመር የተሰለፈው ማዱኤኬ ነበር። በኖቬምበር ደግሞ በቻምፒየንስ ሊግ ባየርን ሙኒክ ላይ ግብ አስቆጠረ። ፊርማቸውን ያኖሩት ሰዎች ያን ምሽት አብረውን እንደጨፈሩ አልጠራጠርም፤ ደግሞም ይገባቸዋል፣ ቡድናቸው ነው።

ይህን ስል «እመኑት» ከሚለው ወገን ነኝ ማለቴ አይደለም። አሰልጣኝም ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ደግሞ መንገር የደጋፊ ድርሻ ነው። በጃንዋሪ 2025 አጥቂው ጋብሪኤል ጄሱስ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ሲያጣ የዝውውር መስኮቱ ክፍት ነበር። «አጥቂ ግዙ» ብለን ጮህን። አልተገዛም። በፌብሩዋሪ ሃቨርትዝም ተጎዳ። ከዚያ በሌስተር ሜዳ አማካዩ ሜሪኖ ተቀይሮ ገብቶ አጥቂ ሆነ፤ በ81ኛው እና በ87ኛው ደቂቃ ሁለት አገባ። ሜሪኖን ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን አማካይ አጥቂ ሆኖ አንድ ቀን ማሸነፉ የክረምቱንም የጃንዋሪውንም ስህተት አይፍቀውም። አርሰናል ያን ዓመት በሊጉ 4 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ 14 ጊዜ አቻ ወጣ፤ ከሻምፒዮኑ ሊቨርፑልም በ10 ነጥብ አነሰ። ያ ሁሉ አቻ ነው ያን ዓመት የጎዳን።

በአንፊልድ የተሸነፍንበትም ጨዋታ እንዲሁ ነው። ኦገስት 31 ቀን 2025 አርቴታ ከሲቲው ጨዋታ ጋር አንድ ዓይነት ሦስት አማካዮችን አሰልፎ ለ80 ደቂቃ ብዙም ሳይነካ ቆየ፤ ከዚያ የሊቨርፑሉ ሶቦስላይ በ83ኛው ደቂቃ ከሩቅ ቅጣት ምት መትቶ አሸነፈን። ሜሪኖ ቁመት አለው፣ በግጥሚያ ይበረታል፣ የቆመ ኳስ ላይ ያስፈራል፤ አርቴታ ለምን እንደመረጠው ይገባኛል። ሆኖም አርሰናል በዚያ ቀን ከተጋጣሚው አማካዮች ጀርባ ኳስ የሚቀበል ሰው አስፈልጎት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ስህተት በሜዳችን ሲደገም ያማረርነው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ ልክ ነበርን።

እነዚያን 14 አቻዎች ይዤ ነው በ2025 ክረምት የፈረመውን አጥቂ ቪክቶር ዮኬሬሽን የምመለከተው። በፖርቱጋል ሊግ ለስፖርቲንግ በ33 ጨዋታ 39 ግብ አስቆጥሮ መጣ፤ ሄንሪ ይለብሰው የነበረውን 14 ቁጥር ለበሰ። ግብ ያጣ ቀን ሁሉ «ኳስ አይነካም» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ አይነካም። በስፖርቲንግ ከፊቱ ሜዳ ነበረው፤ በግራ በኩል ወጥቶ ኳስ ይዞ በጉልበት ይገሰግስ ነበር። አርሰናልን የሚገጥሙት ቡድኖች ግን ሳጥናቸው ውስጥ ተጠቅጥቀው ይቆማሉ፤ የሚሮጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን «ስንት አገባ?» ብቻ አይደለም። ቡድኑ ኳስ በነጠቀበት ቅጽበት ቶሎ ወደ እሱ ይልካል ወይስ እንደ ለመደው ያዘገያል? ካዘገየ የጥፋቱ ግማሽ የአሰልጣኙ ነው፤ ለሩጫ የተገዛ ሰው የሚሮጥበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

እኔ አሁን እሱ ሲጫወት ኳሷን ትቼ የሁለቱን የመሀል ተከላካዮች እግር መመልከት ጀምሬያለሁ። ራይስ ኳስ ይዞ ቀና ሲል ዮኬሬሽ በመካከላቸው ይፈተለካል፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ይሸሻሉ። አምስት ሜትር ከሸሹ፣ ያቺ አምስት ሜትር የኦዴጋርድ ወይም የኤዜ ናት። ኳሷ ለእሱ ባትደርሰውም ሥራውን ሠርቷል። በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሚሸሹ፣ ከስንቱስ ውስጥ ሌላው ተጫዋች ያቺን ቦታ እንደሚጠቀምባት እየቆጠርኩ ነው።