ማስተካከያ፦ የእባብ ልጅ ወተት አይሰጠውም
ባለፈው ሳምንት ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢዎች ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ በቤት የሚያድግ የእባብ ልጅ «በየቀኑ ወተት ይሰጠው፤ ብርድም አይጎዳውም» ብዬ ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው። ወተቱን ከአያቴ ተረት ሳላጣራ ነው የወሰድሁት፤ የእባብ ሆድ ለወተት አልተሠራም፣ የሚጠጣው ውኃ ነው። አይጥ ለሚበሉ ዝርያዎች ልጆች ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ጠጉር ያላበቀለ አንድ የአይጥ ልጅ ይበቃል፤ ውፍረቱ ከእባቡ ወገብ እምብዛም አይብለጥ። በመርዝ የሞተ አይጥ ፈጽሞ አይሰጥ።

ብርዱ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው። እባብ ምግቡን ለመፍጨት የውጭ ሙቀት ያስፈልገዋል። 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ሙቀት ያጣ እባብ የዋጠውን መልሶ ሊተፋ ይችላል። ኮምቦልቻ ሞቅ ብትልም ሌሊቷን አትመኑ። ከበላ በኋላ ለ2 ቀን አታንሡት።