ቅድሚያ ለኖራ ወይስ ለሚላስ ማዕድን? የግጦሽ መሬት ክርክር

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፤ በአሲዳማ ግጦሽ ላይ የሚውሉ ከብቶች ማዕድን ሲጎድላቸው ገንዘቡ መጀመሪያ መሬቱ ላይ በሚበተን ኖራ ይዋል ወይስ በገንዳ በሚቀርብ ማዕድን? ሁለቱን ተከራካሪዎች «የአፈር ወገን» እና «የገንዳ ወገን» ብለናቸዋል።

የአፈር ወገን፦

ገንዳ ላይ የሚቀርብ ማዕድን ላሟን ይጠግናል፤ የምትግጠውን ሣር ግን እንዳለ ይተወዋል። ሣሩ ከሳሳበት ቦታ በአካፋ አንድ ጡብ የሚያህል አፈር አውጥታችሁ ጎኑን ተመልከቱ። ሥሩ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ጎን ከሄደ፣ ጫፉም አጥሮና ወፍሮ ቡናማ ከሆነ፣ ከታች አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም አላሳልፍ ብሎታል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ ከ5 በታች ብዙዎቹ ሥሮች ይቃጠላሉ። ያ ሣር በደረቅ ወር እርጥበት ከታች እያለ ይጠወልጋል።

ቀጥሎ ከሣሩ መሐል የሚበቅለውን ባለ ሦስት ቅጠል ተክል፣ ማገጥን፣ ንቀሉ። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጣቸው ሥጋ የመሰለ ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እያዘጋጁ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆኑ ሥራ ፈትተዋል። ሣር 5.8 ላይ ደህና ይበቅላል፤ ማገጥ ግን 6 እና ከዚያ በላይ፣ አልፋልፋ ደግሞ 6.5 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ማገጥ በካልሲየም ከሣር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ እሱ ሲጠፋ ከብቱ ፕሮቲንም ካልሲየምም ያጣል፤ ይህን ጉድለት በገንዳ ለመሙላት መሞከር ደግሞ ዕድሜ ልክ ዕዳ መክፈል ነው።

የገንዳ ወገን፦

የታጠፈ ሥር ሁሉ በአሉሚኒየም የታጠፈ አይደለም። ከብት እርጥብ መሬት ሲረግጥ በዚያው ጥልቀት ይጠቀጥቀዋል፣ ሥሩም በዚያው መልክ ይታጠፋል። መሬቱ እርጥብ ሳለ ቀጭን ብረት ውጉበት። ብረቱ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተገታ የተቸገራችሁት በጥቅጥቅ አፈር ነው፤ ኖራ አይፈታውም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ኖራ ፒኤችን ሲያነሳ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና ኮባልት ይታሰራሉ፤ ሞሊብደነም ግን ይፈታል። ሞሊብደነም ከርስ ውስጥ ከድኝ ጋር ተጣምሮ መዳብን ይይዝና ከብቱ ሳይጠቀምበት በፋንድያ ያስወጣዋል። በሣሩ ውስጥ መዳቡ ከሞሊብደነሙ ሁለት እጥፍ እንኳ ካልሞላ ጥቁር ላም ጠጉሯ ዝገት ይመስላል፣ በዓይኗ ዙሪያ መነጽር ያደረገች ያህል ይነጣል፣ ጥጃም ያስቀምጠዋል። ኮባልትም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 0.1 ሚሊ ግራም ካልተገኘ የከርስ ተሕዋስያን ቫይታሚን ቢ12 መሥራት ያቅታቸዋል፤ ለምለም ሣር መሐል የቆመ በግ ይከሳል። ተከራካሪዬ የሚያወድሱት ማገጥ በቅሎ ከብቱ የከሳ እንደሆነ ምን ሊሉን ነው?

የአፈር ወገን፦

በሽታው የሚመጣው ኖራ ያለ ልክ ሲፈስ ነው። በመጀመሪያ የምትወስዱት ናሙና ይሁን፤ ከአንድ ዓይነት መሬት ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ከውኃ መጠጫው፣ ከጥላው፣ ከበሩና ከእበት ክምር ራቁ፤ ፖታሲየም የሚከማችባቸው ቦታዎች ስለሆኑ የቀረውን መስክ ያስዋሻሉ። በውኃ የሚለካው ፒኤች ኖራ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ብቻ ይመልሳል። ስንት የሚለውን የሚመልሰው የባፈር ምርመራ፣ ማለትም አፈሩ የፒኤች ለውጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካው ነው፤ ፒኤቻቸው እኩል የሆኑ አሸዋና ሸክላ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሚለያይ ኖራ ሊጠይቁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቤተ ሙከራ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ለታረሰ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር የተሰላ ነው። ላይ ላዩን ለሚነሰነስ ግጦሽ ግማሹ ይበቃል። ምክሩ በሄክታር 4 ቶን ንጹሕ ኖራ ካለ 2 ቶን ያዙ። የገዛችሁት ኖራ አሲድን የማርከስ አቅሙ ከንጹሕ ኖራ 85 በመቶ፣ ደቅቆ ሥራ ላይ የሚውለው 70 በመቶ ከሆነ 2ን ለ0.85 ከዚያም ለ0.70 አካፍሉ፤ 3.4 ቶን፣ ማለትም 34 ኩንታል ይመጣል። ይህንንም በሁለት ዓመት ከፍላችሁ ነስንሱ። ሳይታረስ የተበተነ ኖራ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ የላይኛውን ስስ አፈር ፒኤች ያለ ልክ ማስነሣት ነው የእርስዎን የመዳብ ችግር የሚጠራው። ድቀቱን በግምት ለማወቅ ጥቂት በጣቶች መሐል ማሸት ይበቃል፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ዱቄት በቶሎ ይሠራል፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ድንጋይ ነው። የተቃጠለ ኖራ ግን ግጦሽ ላይ አይበተን፤ ቅጠሉንም አፍንም ያቃጥላል። ዝናብ ዱቄቱን ከቅጠሉ እስኪያጥበው ድረስም ከብት አይግባ።

የሚላሰው ማዕድንስ? ጉልበተኛዋ ላም ጠግባ ልሳ ትሄዳለች፣ ደካማዋ ቆማ ታያለች። ውኃው ጨዋማ ከሆነ ሁሉም አይልሱም። ለላም የተዘጋጀ መዳብ ያለበት ማዕድን ደግሞ በግን ይገድላል።

የገንዳ ወገን፦

ስለ በጉ እስማማለሁ፤ ሁለቱን መንጋ ከአንድ ገንዳ ማላስ ስንፍና ነው። የናሙና አወሳሰዱንም አልነቅፍም።

ግን የአፈር ወገን ብዙ ጊዜ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፈር ተመራማሪው ፈርማን ቤር በኒው ጀርዚ አፈር ይዞ ከሥር ጋር ለሚለዋወጣቸው ማዕድናት የተመጠነ ነው ያሉትን ምጥጥን አወጡ፤ ካልሲየም 65፣ ማግኒዥየም 10፣ ፖታሲየም 5 በመቶ። ይህን ቁጥር ለመድረስ ብቻ ዶሎማይት (ማግኒዥየም ያለበት ኖራ) እና ጂፕሰም የሚጭኑ አሉ። ኋላ የተሠሩ ፍተሻዎች ሰብል ለምጥጥኑ ደንታ እንደሌለው፣ የሚያስፈልገውም በቂ መጠን ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ጂፕሰምም ካልሲየምና ድኝ ይሰጣል እንጂ ፒኤችን አያነሳም።

ማግኒዥየምን ውሰዱ። ላም ተንቀጥቅጣ በድንገት የምትሞትበት በሽታ የሚመጣው በአብዛኛው አፈሩ ማግኒዥየም ስላጣ አይደለም፤ ዝናብ ተከትሎ የሚፈላው ሣር ፖታሲየም ስለሚበዛበትና ፖታሲየሙ ከርስ ማግኒዥየም እንዳይወስድ ስለሚከለክል ነው። በክብደት ሳይሆን በኬሚካላዊ አቻ (በኤሌክትሪክ ሙል መጠን) ሲለካ ፖታሲየሙ ከካልሲየምና ማግኒዥየም ድምር 2.2 እጥፍ ሲያልፍ አደጋው ይገዝፋል። ዶሎማይት ብትበትኑ ውጤቱ የሚታየው በሚቀጥሉት ዓመታት ነው፤ ላሟ ግን በዚህ ሳምንት ነው የምትሞተው። በቀን 60 ግራም ገደማ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ስጧት። ጣዕሙን ስለምትጠላው ከሞላሰስ ወይም ከፉርሽካ ጋር ይቀላቀል። ሰውነት ለነገ የሚሆን በቀላሉ የሚመዝዘው ክምችት ስለሌለው አደጋው እስኪያልፍ በየቀኑ ይሰጥ።

የአፈር ወገን፦

የምትንቀጠቀጥ ላም ፊት ቆሞ ስለ ኖራ የሚያወራ የለም፤ እሷን ሐኪም ይያት፣ ለቀሩት ገንዳውን ልቀቁላቸው። ነገር ግን አሲዱን ማን አመጣው? አሞኒየም ሰልፌት በሚሰጠው እያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጅን ለማርከስ 5.4 ኪሎ ያህል ንጹሕ ኖራ ይጠይቃል፤ ዩሪያ 1.8 ኪሎ። ማገጡ ከተመለሰ ማዳበሪያው ይቀንሳል፣ አሲዱም አብሮ። ክርክሩን በቃል ከመጨረስ መስኩ ላይ 5 ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቁራሽ መሬት ያለ ኖራ ተዉና በሁለተኛው ዓመት ማገጡን በሁለቱም በኩል ቁጠሩ።

የገንዳ ወገን፦

ቁራሽ መሬት መተው አያስፈልግም፤ ያስፈልጋል ካሉም ማገጡን ብቻ አይቁጠሩ። ኖራው ከመበተኑ በፊትም በኋላም ሣሩ ለመዳብ፣ ለሞሊብደነምና ለኮባልት ይመርመር፤ ከመሬት ከፍ ተብሎ ይታጨድ፣ አፈር እንዳይነካውም ይጠንቀቁ፣ አፈር ያረፈበት ናሙና ኮባልትን ከፍ አድርጎ ያሳያልና። መዳቡ ከሞሊብደነሙ 3 እጥፍ በታች ሆኖ ከተገኘ ኖራው መጋዘን ይቆይ፣ መጀመሪያ የመዳብ ማዕድን ይገዛ።