ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ

ትናንት ማታ በፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ በሴን ማሎ ለእረፍት ልንከራየው ያሰብነው ቤት ባለቤት «አንሶላና ፎጣ ይዛችሁ ኑ» ብላ ስትጽፍልኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

ሴን ማሎ ባለችበት በብሪታኒ ክልል ዳርቻ በጁላይና በኦገስት ብዙው የእረፍት ቤት የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ የእኔ የእረፍት ፈቃድ ግን ከማክሰኞ እስከ እሑድ ነው። ያላደርኩባቸውን ሌሊቶች የምከፍለው ለማን ነው? ለዓሣዎቹ? ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ለምተኛው የአራት ሌሊት እንቅልፍ የሰባት ሌሊት ኪራይ፣ በዚያ ላይ የጽዳት ክፍያና በየነፍስ ወከፉ የሚታሰብ የቆይታ ግብር ከፍዬ፣ አንሶላዬን ተሸክሜ ከፓሪስ ባቡር ልሳፈር ማለት ነው። ስለ መጥረጊያው ልጠይቃት ነበር፤ እሱንም አምጪ እንዳትለኝ ፈራሁ።

የሴን ማሎ ባሕር እንኳ፣ አንዳንዴ ከ12 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሲመጣና ሲሄድ ቅዳሜን አይጠብቅም።